ኪልት ለማሰፋት፦ የጨርቅ አመራረጥና የዋጋ ስሌት

ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች ለሠርግ፣ ለበዓልና ለምረቃ የሚለብሱት ሽንሽን ጉርድ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዋጋውን ሲሰሙ ግን ብዙ ሰው ይደነግጣል። አንዱ ሱቅ በ40 ፓውንድ ይሸጠዋል። ሌላው ጋ ስትሄዱ ደግሞ ለአንድ ኪልት ከ600 ፓውንድ በላይ ይጠይቃችኋል። ሁለቱም ኪልት ይባላሉ፤ ፎቶ ላይ ብታዩአቸው ደግሞ መለየት ያስቸግራል።

ልዩነቱን የሚያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የጨርቁ ዓይነት፣ የጨርቁ ብዛትና የእጅ ሥራው ሰዓት። ይህን የጻፍኩት በተለይ ግላስጎው፣ ኤድንብራና አበርዲን ለምትኖሩ፣ ወይም ከስኮትላንድ ቤተሰብ ጋር ለምትጋቡ ወገኖቼ ነው። ሙሽራም ሁኑ ሚዜ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት። ልብስ ሰፊ ሆናችሁ ዋጋ መተመን ለሚከብዳችሁም ስሌቱ ይጠቅማችኋል።

1. ስንት ጊዜ እንደምትለብሱት ወስኑ

ለአንድ ሠርግ ብቻ ከሆነ ተከራዩ። ከጃኬቱ እስከ ካልሲው ሙሉ ልብሱን የሚያከራዩ ሱቆች በስኮትላንድ ትልልቅ ከተሞች ሁሉ አሉ። በየዓመቱ የምትለብሱት ከሆነ ግን ማሰፋት ያዋጣል። በጥሩ ሱፍ በእጅ የተሰፋ ኪልት በአግባቡ ከተያዘ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍም ብዙ አለ። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ውድ ኪልት ማሰፋት ግን አልመክርም። በሁለት ዓመት ውስጥ ያጥረዋል።

2. ታርታኑን ምረጡ

ታርታን ድሩና ማጉ በአንድ ዓይነት የቀለም ቅደም ተከተል የሚሄዱበት ባለ አራት ማዕዘን ንድፍ ነው። ብዙዎቹ የጎሳ ስም ይዘዋል፦ ማክዶናልድ፣ ካምቤል፣ ፍሬዘር እያለ ይቀጥላል። «እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም፣ መልበስ እችላለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። የሚከለክል ሕግ የለም። ሙሽራው የሙሽሪትን ቤተሰብ ታርታን ቢለብስ ነውር የለውም። እንዲያም ሆኖ አማቶቻችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ራሱ አክብሮት ነው።

ከጎሳ ጋር መያያዝ ካልፈለጋችሁ ለሁሉም ክፍት የሆኑ አሉ። ብላክ ዋች የሚባለው ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ነው፤ ከማንኛውም ጃኬት ጋር ይሄዳል። ቀዩ ሮያል ስቱዋርት በየቦታው የምታዩት ነው። ካሌዶኒያም አለ። ግላስጎውና ኤድንብራም በከተማቸው ስም የሚጠሩ ታርታኖች አሏቸው። ለምትኖሩበት ከተማ ፍቅር ካላችሁ ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። አንድ የምትተዉት ቢኖር ባልሞራል የሚባለውን ነው። እሱ ለንጉሣዊው ቤተሰብ የተለየ ነው።

የራሳችሁን ንድፍ መሥራትም ይቻላል። የስኮትላንድ የታርታን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በ2009 ሥራ ጀምሯል። ማንኛውም ሰው አዲስ ንድፍ ማስመዝገብ ይችላል፤ የማስመዝገቢያው ክፍያ 70 ፓውንድ ነው። በስኮትላንድ የሚኖሩ ሲኮችና አይሁዶች የየራሳቸው ታርታን አላቸው። የእኛም ማኅበረሰብ ቢያስብበት ደስ ይለኛል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ወጪው ምዝገባው ላይ አያበቃም። መደርደሪያ ላይ የሌለ ንድፍ በልዩ ትዕዛዝ ስለሚሸመን የሜትሩ ዋጋ ከተለመደው በደንብ ይጨምራል። ጊዜም ይወስዳል።

ስለ ቀለሙ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አንዱ ታርታን በተለያየ የቀለም ድምቀት ይመረታል። ሞደርን የሚባለው ጠቆርና ደመቅ ያለ ነው። ኤንሸንት የሚባለው ፈዘዝ ያለ ነው፤ ሰማያዊው የሰማይ ቀለም ይመስላል፣ አረንጓዴውም ይቀላል። ዌዘርድ የሚባለው ወደ ቡናማና ግራጫ ያደላል። ስለዚህ የታርታኑን ስም ብቻ ተናግራችሁ አትዘዙ። ናሙናውን በእጃችሁ ይዛችሁ ከሱቁ ወደ በር ውጡና በቀን ብርሃን እዩት። ሚዜዎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት የሚለብሱ ከሆነ ደግሞ ጨርቁ ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ጊዜ ምርት እንዲቆረጥ ጠይቁ። ያለዚያ ፎቶው ላይ አንዱ ቀይ ከሌላው ቀይ ይለያያል።

3. የጨርቁን ዓይነትና ክብደት ለዩ

ለኪልት የሚመከረው የተበጠረ፣ ለስላሳና ጠንካራ የሱፍ ክር ነው። ሽመናው ሰያፍ ነው። ጨርቁን ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ ብታዩት ቀጫጭን መስመሮች በአግድመት ሳይሆን ዘንበል ብለው ሲወርዱ ይታያሉ። ታዋቂ ከሆኑት ሸማኞች ውስጥ ሰልከርክ ያለው ሎክካረን፣ ፐርዝ ያለው ሃውስ ኦቭ ኤድጋርና ፎርፋር ያለው ስትራትሞር ይገኙበታል። ሰፊው የጨርቁን ፋብሪካ ስም ሊነግራችሁ ይገባል። ካላወቀ ወይም ከሸሸ ጥያቄያችሁን ቀጥሉ።

የጨርቅ ክብደት የሚለካው በአውንስ ነው። ቁጥሩ ሙሉ ወርዱን የያዘ አንድ ያርድ (91 ሴንቲሜትር ገደማ) ጨርቅ የሚመዝነው ነው። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ሦስት ነው።

ከ10 እስከ 11 አውንስ፦ ይህ ሳሳ ያለ ነው፤ በሜትር ከ310 እስከ 340 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለሴቶች ጉርድና ለሻሽ ያምራል። ለወንድ ኪልት ግን ሽንሽኑ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ትንሽ ስትቀመጡበት ይጨማደዳል።

13 አውንስ፦ በሜትር 400 ግራም ገደማ ነው። ሞቃት አዳራሽ ውስጥ ለሚጨፍር፣ ወይም ኪልቱን ይዞ ሞቃት አገር ለሚሄድ ሰው ይስማማል።

16 አውንስ፦ በሜትር 500 ግራም ገደማ ነው። ሰፊዎች በጣም የሚወዱት ይህንን ነው፤ እኔም አንድ ኪልት ብቻ ለሚያሰፋ ሰው ይህንን እመክራለሁ። ክብደቱ ሽንሽኑን ወደ ታች ይጎትተዋል። ስትራመዱ ከኋላ ይወዛወዛል፣ ስትቆሙ ወደ ቦታው ይመለሳል። ንፋስም በቀላሉ አያነሳውም፤ ስኮትላንድ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙሉው ኪልት ወደ 1.8 ኪሎ ይመዝናል።

ሱፍ ያልሆነውስ? ሁለት ዓይነት አለና አትቀላቅሉት። አንደኛው ፖሊስተርና ቪስኮስ የተደባለቀበት ጨርቅ ነው። በዚህ የታወቀው ዮርክሸር ያለው ማርተን ሚልስ ነው። በቤት ይታጠባል፣ ብል አይበላውም፣ ሱፍ ለሚያሳክከው ሰውም ጥሩ ነው። ባንድ ውስጥ ለሚጫወት ወይም ለሥራ በየቀኑ ለሚለብስ ሰው የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። ሁለተኛው አክሪሊክ ነው። ለቱሪስት በርካሽ የሚሸጠው በአብዛኛው ይህ ነው። ሽንሽኑ ቶሎ ይፈታል፣ ጨርቁ በቶሎ ትናንሽ የክር ኳሶች ያወጣል። ለፎቶ ቀን ካልሆነ ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ የምትፈትሹበት ቀላል መንገድ አለ። የጨርቁን ጫፍ በጡጫችሁ ጨብጡና ትንሽ ቆጥራችሁ ልቀቁት። ጥሩ ሱፍ ቀስ እያለ ይዘረጋል። ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። ኪልት ከታች አይቀመቀምም። የታችኛው ጫፍ ሸማኔው ራሱ ያወጣው የጨርቁ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ጠርዙ ንጹሕ፣ ጠበቅ ያለ፣ የማይተረተርና ቀለሙ ከመሃሉ ጋር አንድ የሆነ መሆን አለበት። ተሰፍቶ ያለቀ ኪልት ስታዩም ከታች ታጥፎ የተቀመቀመ ከሆነ፣ ለኪልት ተብሎ ካልተሸመነ ጨርቅ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል ሰፊውን ጠይቁት።

4. ስንት ሜትር እንደሚፈጅ አስሉ

ብዙ ሰው የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። «ባለ 8 ያርድ ኪልት» ሲባል 7.3 ሜትር ጨርቅ ማለት ነው። ነገር ግን ሰፊው 7.3 ሜትር አይገዛም። የኪልት ጨርቅ ወርዱ ብዙ ጊዜ ወደ 1.5 ሜትር ይጠጋል። ኪልቱ ደግሞ ከወገብ እስከ ጉልበት ብዙ ጊዜ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጨርቁ በርዝመቱ መሃል ለመሃል ለሁለት ይሰነጠቅና ሁለቱ ይቀጠላሉ። 4 ያርድ ተገዝቶ 8 ያርድ ይሆናል ማለት ነው፤ በሜትር 3.7 ገደማ። የሜትር ዋጋ ሲነገራችሁ ታዲያ «በሙሉ ወርዱ ነው ወይስ በግማሽ ወርዱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ሳትጠይቁ ሁለት ሱቆችን ብታወዳድሩ ሒሳቡ ይሳሳታል።

ለሁሉም ሰው 8 ያርድ ያስፈልገዋል ማለት ግን አይደለም። የሚወስኑት የዳሌያችሁ ልክና የንድፉ ስፋት ናቸው። እያንዳንዱ ታርታን ንድፉ ከተጀመረበት ተነስቶ እንደገና እስኪደገም ድረስ የራሱ ስፋት አለው። አንድ ሽንሽን ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ድግግሞሽ ይውጣል፤ ከኋላ ስታዩት ንድፉ ሳይቋረጥ የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

በቁጥር እንየው። ዳሌው 100 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው አለ እንበል። ግማሹ፣ 50 ሴንቲሜትሩ፣ ከፊት ያለው ጠፍጣፋ ክፍል ነው። የቀረው 50 ከኋላ በሽንሽን ይሞላል። እያንዳንዱ ሽንሽን ዳሌ ላይ 2 ሴንቲሜትር ቢታይ 25 ሽንሽን ይወጣል። የንድፉ ድግግሞሽ 15 ሴንቲሜትር ከሆነ 25 ሽንሽን 3.75 ሜትር ይውጣል። ከፊት ሁለት ተደራራቢ ጠፍጣፋ ክፍሎች አሉ። እነሱና ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ሲደመሩ ወደ 1.5 ሜትር ይወስዳሉ። ድምሩ 5.25 ሜትር ነው። ድግግሞሹ 20 ሴንቲሜትር ቢሆን ግን ሽንሽኑ ብቻ 5 ሜትር ይወስዳል፤ ድምሩ 6.5 ይደርሳል። ሰውዬው ያው፣ ልኩ ያው፣ ንድፉ ብቻ ተቀይሮ ከአንድ ሜትር በላይ ጨርቅ ተጨመረ። ስለዚህ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት የመረጣችሁት ታርታን ድግግሞሹ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ አስለኩ።

ጨርቅ መቆጠብ ከፈለጋችሁ 5 ያርድ የሚፈጅ ኪልትም ይሰፋል። ሽንሽኑ ይቀንሳል ወይም ጥልቀቱ ያጥራል። ይቀላል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ለበጋና ለዘወትር ልብስ ይበቃል። ለሠርግ ግን ከኋላ ያለው ሙላት እንዲታይ ከፈለጋችሁ ጨርቁን አትሰስቱ።

ሽንሽኑ እንዴት እንደሚታጠፍም ተነጋገሩ። ንድፉ ከኋላም ሙሉ ሆኖ እንዲታይ የሚታጠፍ አለ። በወታደር ቤት የተለመደው ደግሞ በየሽንሽኑ መሃል አንድ መስመር ብቻ እንዲወጣ ተደርጎ የሚታጠፍ ነው። ሁለተኛው ስትቆሙ አንድ ቀለም ይመስላል፤ ስትራመዱ ሌላው ቀለም ብልጭ ይላል። ዋጋው ላይ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ መልኩን ግን ፈጽሞ ይቀይረዋል።

5. ልካችሁን በትክክል አስለኩ

የሱሪያችሁን ቁጥር አትናገሩ። ኪልት የሚታሰረው ከሱሪ ከፍ ብሎ እምብርት አካባቢ ስለሆነ ልኩ ይለያያል። ወገብ፣ የዳሌ ሰፊው ቦታና ርዝመት ይለካሉ። ሆዳችሁን አትሳቡ። ርዝመቱ የጉልበት ሎሚ መጀመሪያ ላይ ወይም መሃሉ ላይ ያበቃል። የራሳችሁን ልክ ራሳችሁ አትውሰዱ፤ ጎንበስ ስትሉ ይዛባል። ሌላ ሰው ከኋላችሁ ቆሞ ይለካ።

6. ዋጋውን ሰብራችሁ አስሉ

የሐበሻ ቀሚስ ስታሰፉ የጥበቡና የስፌቱ ዋጋ ለየብቻ እንደሚነገራችሁ፣ ኪልትም እንደዚሁ ተዘርዝሮ ይነገራችሁ። «በአጠቃላይ ይህን ያህል ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ።

በእጅ የሚሰፋ ኪልት ለለመደ ሰፊ እንኳን ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይወስዳል። እያንዳንዱ ሽንሽን ከዳሌ ወደ ወገብ እየጠበበ በትናንሽ የእጅ ስፌት ይያዛል። መስመሮቹ ከአንዱ ሽንሽን ወደ ሌላው ሳይዛነፉ መቀጠል አለባቸው። ከውስጥ ሸራና ገበር ይገባል፤ በቆዳ ማሰሪያና በዘለበት ይዘጋል።

አሁን እንደምር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 በብሪታንያ ዕድሜው 21 ለሞላው ሠራተኛ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.21 ፓውንድ ነበር። 20 ሰዓት በዚያ ዝቅተኛ ክፍያ እንኳን ቢታሰብ 244 ፓውንድ ይመጣል። 16 አውንስ ሱፍ በሙሉ ወርዱ ሜትሩ ለምሳሌ 60 ፓውንድ ቢሆን 4 ሜትር 240 ነው። ገበሩ፣ ሸራው፣ ቆዳውና ዘለበቱ 25 ይሁን። ድምሩ 509 ፓውንድ ሆነ። የሱቅ ኪራይ፣ መብራትና ትርፍ ገና አልገቡም። ዓመታት የሠራ ባለሙያ ደግሞ በዝቅተኛው ደመወዝ አይሠራም። በሰዓት 18 ብታስቡለት የእጁ ዋጋ 360 ይሆናል፤ ድምሩም 625። ሱቁ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ 20 በመቶ ይጨመርና 750 ይገባል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ90 ሺህ ፓውንድ የማይበልጥ ትንሽ ሰፊ የመመዝገብ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ቤቱ የሚሠራ ጎበዝ ሰፊ፣ በዚያው ጨርቅና በዚያው ጥራት ርካሽ ሊሆንላችሁ ይችላል።

ይህን ስሌት ይዛችሁ ስትገቡ የማይመስል ዋጋ ወዲያው ይታወቃችኋል። «ንጹሕ ሱፍ፣ የእጅ ስፌት፣ 8 ያርድ፣ 150 ፓውንድ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ፣ ገንዘቡ ጨርቁን እንኳን አይሸፍንም። ወይ ሱፉ ሱፍ አይደለም፣ ወይ እጁ እጅ አይደለም፣ ወይ ያርዱ 8 አይደለም። በመኪና የተሰፋ ኪልት መግዛት ግን ነውር የለውም። በመኪና መሰፋቱ ተነግሯችሁ በዋጋው ከገዛችሁት ትክክለኛ ንግድ ነው።

ለሰፊዎች ደግሞ ይህን ልበል። የሀገራችን ልጆች የእጃቸውን ሰዓት ሳያስቡ የጨርቁን ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምረው ይናገራሉ። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ልክ የመውሰጃውን፣ ጨርቅ ፍለጋ የሄዳችሁበትን፣ በካውያ የምትተኩሱበትንና ለመጨረሻ ልክ ደንበኛው የሚመጣበትን ሰዓት ሁሉ ጻፉ። ጨርቅ ሲቆረጥ የሚባክነውንም ደምሩ። ደንበኛው ዝርዝሩን ሲያይ መከራከሩን ይቀንሳል።

ሌላው፣ የተነገራችሁ ዋጋ የኪልቱ ብቻ መሆኑን ወይም ሙሉ ልብሱን መሆኑን አረጋግጡ። ጃኬት፣ ካልሲ፣ ጫማና ከፊት የምትንጠለጠለው ስፖራን የምትባል ቦርሳ ለየብቻ ሲገዙ ከኪልቱ ሊበልጡ ይችላሉ። ኪልቱን ለአሜሪካ ዘመድ የምትልኩ ከሆነ አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ የተሠራ ስፖራን አትምረጡ። በ1972 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለውን ዕቃ ማስገባት ይከለክላል። የአውሮፓ ኅብረትም ንግዱን አግዷል። የላም ቆዳው ያምራል፣ ርካሽም ነው።

7. ቀብድና ውል

በእጅ የሚሰፋ ኪልት ወራት ሊፈጅ ይችላል። ልዩ ሽመና ካለበት ደግሞ ይረዝማል። ለሠርግ ከሆነ ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ። በበጋ የሠርግ ወቅት ሰፊዎች ሥራ ይበዛባቸዋል።

ቀብድ ስትከፍሉ ደረሰኙ ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ የታርታኑ ስምና የቀለሙ ዓይነት፣ የፋብሪካው ስም፣ የአውንሱ ቁጥር፣ የያርዱ ብዛት፣ የእጅ ወይስ የመኪና ስፌት መሆኑና የሚደርስበት ቀን። በብሪታንያ ሕግ በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል። በእናንተ ልክ ታዝዞ የተሰፋ ልብስ ግን በዚህ አይሸፈንም። ሐሳባችሁን ስለቀየራችሁ ብቻ መመለስ አትችሉም። ስህተት ካለበት ወይም ከተጻፈው ከተለየ ግን መብታችሁ የተጠበቀ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም በጽሑፍ ይሁን የምለው።

8. ስትረከቡ የምታዩት

ኪልቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ከኋላ ያሉትን አግድም መስመሮች በጣታችሁ ተከተሉ። ከመጀመሪያው ሽንሽን እስከ መጨረሻው ቀጥ ብለው መሄድ አለባቸው። ከፊት ያለው ጠፍጣፋ ክፍል የንድፉ መሃል መሃሉ ላይ መዋል አለበት። ከዚያ ልበሱትና ተንበርከኩ። የታችኛው ጫፍ ወለሉን ሳይነካ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጎን ከወረደ እዚያው ንገሯቸው።

ሽንሽኖቹን ከታች ለጊዜው የያዘ ክር ልታዩ ትችላላችሁ። ስህተት አይደለም፤ ቅርጹ እንዳይበላሽ የተደረገ ነው። ከመልበሳችሁ በፊት በጥንቃቄ ፍቱት። የኪልቱን መርፌ ቁልፍ ስትሰኩ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ይያዝ። ሁለቱን አንድ ላይ ከሰካችሁት ስትቀመጡ ሱፉ ይቀደዳል።

ከመውጣታችሁ በፊት ስለ ማስተካከያ ጠይቁ። ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል። ማሰሪያዎቹን ትንሽ ማዛወር ቀላል ሥራ ነው፤ ሽንሽኑን ፈትቶ እንደገና መስፋት ግን አዲስ ከማሰፋት ብዙም አይርቅም። ለእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚያስከፍሉ፣ መጀመሪያ ላይስ በነፃ የሚያስተካክሉበት ጊዜ እንዳለ እዚያው ደረሰኙ ላይ ያስፍሩላችሁ።